ቡና የማያፈላው ከሰል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው ደሴ፣ የጦሳ ብርድ በበር ሥር በሚገባበት ማለዳ፣ ማንደጃ አጠገብ ተቀምጬ ነው።

በልጅነቴ አንድ ዘመዳችን ከውጫሌ በኩል ጥቁር ድንጋይ ይዞ መጣና «ይህም ከሰል ነው» ብሎ ለአያቴ ሰጣቸው። እሳቸውም አምነው ፍሙ ላይ ቢጨምሩት ቤቱ በጭስና በድኝ ሽታ ታፈነ፤ «ከሰል ነው ያለህ ማነው? ይህ ለቡና አይሆንም!» ብለው ወዲያው ደጅ አስጣሉት።

አያቴ ልክ ነበሩ። የድንጋይ ከሰል ድኝና ብዙ አመድ ስላለበት ጭስ ማውጫ በሌለው ቤት የሚነድ አይደለም፤ የእንጨቱም ቢሆን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ውጫሌን አብዛኞቻችን የምናውቃት በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውልና መዘዘኛ በሆነው አንቀጽ 17 ነው እንጂ፣ በጥቁር አለት ንጣፎቿ መካከል ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የተቀበረ የረግረግ ዕፅዋት ከሰል ሆኖ እንደተኛ የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ታዲያ ሀገሪቱ ከሰሏን ምን ታደርግበታለች? ደቡብ አፍሪካ አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን ከከሰል ስታመነጭ፣ የእኛ መብራት በአመዛኙ ከውኃ ስለሚገኝ፣ ከሰላችን በዋናነት የሚሄደው ወደ ሲሚንቶ ፋብሪካ ነው። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭተው ክሊንከር፣ ማለትም በኋላ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር፣ እስኪሆኑ ድረስ ምድጃው ወደ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጋል አለበት፤ ይህን ሙቀት ቀድሞ ከባድ ጥቁር ናፍጣ ይሰጥ ነበር፣ በኋላም በውጭ ምንዛሪ ከደቡብ አፍሪካ የሚገዛ ከሰል ተተካ። ከዳውሮና ከጅማ በኩል የሚወጣው የራሳችን ከሰል አመዱ ስለሚበዛ ሳይታጠብ ለፋብሪካ ምድጃ እምብዛም አይመችም፤ ስለዚህ የማጠቢያ ፋብሪካ መትከሉ ከቁፋሮው ያላነሰ ቁም ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የከሰል ነገር በተነሳ ቁጥር ስለ ዳነው ምንዛሪ እንሰማለን፤ ከቆላ ወደ ደሴ በማዳበሪያ ታጭቆ ስለሚወጣው የግራር ከሰል ግን ማንም አይቆጥርም፤ ምክንያቱም እርሱ የሚነደው በእናቶች ማንደጃ ላይ ነው። ድንጋዩ ዛፉን ሊያድነው አልቻለም፤ ሊያድነው የሚችለው የማይቆራረጥ መብራትና አቅም የሚፈቅደው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበር።

አሁን በረካው እየተቀዳ ነው። ጀበናው ሥር ያለው ፍም የግራር ነው፤ የአያቴ ድንጋይ ደግሞ ረከቦቱ ባረፈበት የሲሚንቶ ወለል በኩል ዞሮ ቤት ገብቷል።