ከውሳኔው በፊት ጥሩን

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣ ውድ የሕዝብ ግንኙነት ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ አርተር ፔጅ ነው። ብዙዎቻችሁ ስሙን ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1927 የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ገባ። ሥራው የሕዝብ ግንኙነት ነበር።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ሹመቱን የተቀበለበት መንገድ ነው። ፔጅ የመጽሔት አዘጋጅ ነበር። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ዋልተር ጊፎርድ ሲጠራው ዝም ብሎ እሺ አላለም። ማስታወቂያ ለማስነገር ከሆነ እንደማይመጣ፣ ፖሊሲ ሲወጣ ድምፅ እንዲኖረው እንደሚፈልግ ነገረው። ጊፎርድም ተስማማ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጊፎርድ ዳላስ ከተማ ላይ ቆሞ፣ ኩባንያው የተለየ ትርፍ ማጋበስ እንደማይፈልግ፣ ጥሩ አገልግሎት በተቻለ መጠን በርካሽ እንደሚሰጥ ተናገረ። በዚያ ንግግር ውስጥ የፔጅ እጅ ነበረበት።

እኛስ? አንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ የአገልግሎት ዋጋ ሊጨመር ማኔጅመንቱ ተሰበሰበ። እኔ በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ባነር እያሰቀልኩ ነበር። ሰኞ ጠዋት ደንበኛው ደረሰኙን ይዞ መጣ። አንዲት እናት መስኮቱ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ቀድማችሁ ብትነግሩን ምን ነበረበት?» አሉ። ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። «ቅሬታው መሠረተ ቢስ ነው ብለህ ጻፍ» ተባልኩ። መሠረቱማ ደረሰኙ ላይ በቁጥር ተጽፏል! ለምን አስቀድሞ አልተነገረኝም ብዬ ብጠይቅ፣ «ውሳኔው አንተን አይመለከትህም» የሚል መልስ አገኘሁ። ታዲያ ስድቡ ለምን እኔን ይመለከተኛል? እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህ ያልደረሰበት ባለሙያ ካለ እጁን ያውጣ!

ውሳኔ በሚሰጥበት ስብሰባ ወንበር ያገኘ ሁሉ ያሸንፋል እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ የፔጅ ኩባንያ ሠራተኛ እየቀነሰ፣ ለባለአክሲዮኖቹ ግን ለአንድ አክሲዮን በዓመት 9 ዶላር የትርፍ ድርሻ መክፈሉን አላቋረጠም። ፔጅ ራሱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወዳጁን የጦር ሚኒስትሩን ሄንሪ ስቲምሰንን ሲያግዝ፣ ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ መጣሉን ለዓለም ያሳወቀውን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የትሩማን መግለጫ ረቂቅ ጽፏል። ይህንንም ከታሪኩ ቆርጠን አንጣለው።

ስለ ሥልጠናና ስለ በጀት ሌሎች ይናገራሉ። እኔ ከፊት ለተቀመጣችሁ ኃላፊዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። የሚቀጥለው የማኔጅመንት ስብሰባ አጀንዳ ሲበተን ለሕዝብ ግንኙነት ክፍላችሁም ይድረሰው። ሰውየው ገብቶ ይቀመጥ። ይህ ውሳኔ ሕዝቡን ያስቆጣል ሲላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ስሙት።

አመሰግናለሁ።