ነጥቧ የማን ቤት ናት?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬም የምቀዳው ከደሴ ነው። በዚህ ክፍል የማነሳው ጉዳይ ከካርታ ሥራዬ ጋር ለዓመታት አብሮኝ የኖረ ነው፤ የሰዎችን መኖሪያ ቦታ በጂፒኤስ መዝግበን ለሌሎች ስናካፍል ባለቤቶቹን እንዴት እንሸፍናለን የሚለው ጥያቄ። በዚህ ርእስ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በኮምፒውተር የተካነ ባዕድ ሰው ሩቅ አገር ተቀምጦ መረጃውን ሲበረብር ያስባል። እኔ በወሎ ገጠር ስሠራ ያየሁት ግን ካርታን ከሁሉም አሳምሮ የሚያነበው ጎረቤት መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ሽፋናችን በቂ መሆን አለመሆኑ መመዘን ያለበት በጎረቤት ዓይን ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ስብሰባ ላይ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎች የሚኖሩበትን ቦታ የሚያሳይ ካርታ ግድግዳው ላይ ተለቅቆ ነበር። ስም የለም፣ የካርድ ቁጥር የለም፣ ዕድሜና ጾታም ተሰርዘዋል፤ የቀሩት ቀያይ ነጥቦች ብቻ ናቸው። አቅራቢው የታካሚዎቹ ምስጢር እንደተጠበቀ ተናግሮ ሳይጨርስ፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ አንድ ተሰብሳቢ ወደ አንዷ ነጥብ ጠቆም አድርገው፣ «ከወንዙ ማዶ፣ ከመስጊዱ በላይ ያሉት ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ሰው አይኖርበትም» አሉ። በክፋት አልነበረም፤ ካርታው ትክክል መሆኑን ማረጋገጣቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ስም መጥራት ያስፈለገው ሰው አልነበረም።

የከተማ ሰው ይህን ላይረዳው ይችላል። ደሴ ውስጥ ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ አካባቢ ያረፈች አንዲት ነጥብ የብዙ ሰው ደጅ ልትሆን ትችላለች። በደጋው ገጠር ግን ቤቶች ተራርቀው ስለሚሠሩ፣ የእያንዳንዱም ቤት ባለቤት ስለሚታወቅ፣ ነጥብ ማለት በተግባር ስም ማለት ነው። ቦታውን በሚያመለክቱት በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥሮች ላይ ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ አምስት አሃዝ ከቀረ ልዩነቱ አንድ ሜትር ገደማ፣ አራት ከቀረ አሥራ አንድ ሜትር ገደማ፣ ሦስት ከቀረ ደግሞ መቶ አሥር ሜትር ገደማ ነው። «ከአምስቱ ሁለት አሃዝ ቆርጬ አስቀርቼዋለሁ» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥመኝ የምጠይቀው፣ በቀረው መቶ አሥር ሜትር ውስጥ ስንት ቤት እንዳለ ነው። በብዙ ጎጦች መልሱ አንድ ወይም ሁለት ነው።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ፣ ለእኛ አገር ግን እጅግ አደገኛ የሆነ ነገር አለ። መረጃ ሰብሳቢዎቻችን በታብሌት የሚጠቀሙባቸው እንደ ኦዲኬ እና ኮቦ ያሉ መተግበሪያዎች አንድን ቦታ ሲመዘግቡ አራት ቁጥሮች ያስቀምጣሉ፤ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ እና የልኬቱ ስሕተት በሜትር። ነጥቡን ከእውነተኛው ቦታ ገፋ አድርጎ ለመሸፈን የፈለገ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያዛባና ሦስተኛውን እንዳለ ይተወዋል፤ ማን ስለ ከፍታ ያስባል? ሜዳማ አገር ቢሆን ኖሮ ከፍታ ምንም አይናገርም ነበር። እዚህ ግን ከደሴ ተነስታችሁ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ በሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላላችሁ። የመሬት ከፍታን የሚያሳይ፣ የጠፈር መንኩራኩር በ2000 እ.ኤ.አ. በለካው መሠረት የተሠራ ካርታ በነጻ ይገኛል። ነጥቡ በአንድ ኪሎ ሜትር ተገፍቶ ከፍታው ካልተነካ፣ ያንን ካርታ ከፍቶ በኪሎ ሜትሩ ውስጥ ከፍታው የሚገጥመውን ቦታ መፈለግ ይቻላል፤ ዳገት ላይ ደግሞ የሚገጥመው ቦታ ቀጭን መስመር ነው፣ በዚያ መስመር ላይ ያሉት ቤቶችም ጥቂት ናቸው። የጂፒኤስ ከፍታ ራሱ ስሕተት አያጣውም፤ ቢሆንም ተራራማ ቦታ ላይ ስሕተቱም ቢሆን ብዙ አያድንም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ቅጹ የተጀመረበትና ያለቀበት ደቂቃ በራሱ ይመዘገባል። ሰብሳቢው የሚሄደው ከቤት ወደ ቤት ስለሆነ፣ የሰዓቱን ቅደም ተከተል ያየ ሰው የጉዞውን መንገድ ይደርስበታል፤ ሁለቱን ቤቶች ካወቀ መካከል ላይ የተጎበኘውን ሦስተኛውን መገመት አይከብደውም።

ለመሆኑ ሌሎች ምን ያደርጋሉ? ብዙዎቻችን የምናውቀው ምሳሌ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎችን የሸፈነ ሲሆን፣ ለተመራማሪዎች የሚሰጡት ነጥቦች ሆን ተብለው የተዛቡ ናቸው፤ የከተማ ነጥብ እስከ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ የገጠር ነጥብ እስከ አምስት ኪሎ ሜትር፣ ከገጠሮቹም ከመቶ አንዱ እስከ አሥር ኪሎ ሜትር ድረስ በዘፈቀደ አቅጣጫ ይገፋል። ነጥቡ የአንድ ቤት ሳይሆን የቆጠራ ቦታው መካከል ስለሆነ ሽፋኑ ድርብ ነው። ለአገር አቀፍ ጥናት ጥሩ ዘዴ ነው።

ይሁንና ይኸው ዘዴ ለአንድ ወረዳ የቤት ለቤት መረጃ እንዳለ ሲገለበጥ ሳይ ይከነክነኛል። ደሴን አስቡት፤ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋት በመካከል ቀጥና የተዘረጋች ከተማ ናት። ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ሁለት ኪሎ ሜትር የተገፋ ነጥብ ጦሳ ላይ ይወጣል። ማንም የማይኖርበት ገደል ላይ ቤት ያየ ሰው ነጥቡ የተገፋ መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ የት ሊሆን እንደማይችል ማወቁ ደግሞ የት ሊሆን እንደሚችል ያጠብብለታል። ስለዚህ ሽፋን በሜትር ብቻ የሚወሰን ነገር አይደለም። ከተማ ውስጥ ሁለት መቶ ሜትር ብዙ ቤተሰብ ሊሸፍን ይችላል፤ ገጠር ውስጥ ያንኑ ያህል ቤተሰብ ለማግኘት ኪሎ ሜትሮች ሊያስፈልጉ ይችላሉ፤ ቀድሞ መወሰን ያለበት «ይህ ቤት ከስንት ቤቶች መካከል እንዳይለይ እንፈልጋለን?» የሚለው ነው።

እኔ የምጠቀምበት መንገድ ሁለት ወሰን ያለው ነው። ነጥቡ ከአነስተኛው ርቀት ባነሰ እንዳይገፋ አደርጋለሁ፤ አለበለዚያ የሚገፋበትን ርቀት የሚወስነው ዕጣ እዚያው ደጃፉ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። ከትልቁ ርቀትም እንዳያልፍ አደርጋለሁ፤ አለበለዚያ መረጃው ለሥራ አይሆንም። ትልቁን ርቀት የምወስነው ቤት ቆጥሬ ነው። ጉግል ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአፍሪካ ያሉ ሕንፃዎችን ከሳተላይት ምስል ለይቶ በነጻ ለቅቋል፤ ጎጆና ጎተራን እየቀላቀለ ቢያስቸግርም ለግምት ይበቃል። እርግጥ እኔ የማገኘውን የሕንፃ ካርታ ሌላውም ያገኘዋል፤ ለዚህም ነው የተገፋው ነጥብ ሰው በሚኖርበት አካባቢ እንዲያርፍ የማደርገው። አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ፦ አንድን ቤት በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት አዲስ ዕጣ እያወጡ መግፋት ስሕተት ነው። የተገፉትን ነጥቦች ሰብስቦ አማካያቸውን ያሰላ ሰው ወደ እውነተኛው ቦታ እየተጠጋ ይሄዳል። አንዴ የተገፋ ቤት በዚያው በተገፋበት መቆየት አለበት።

ስለ ስልክ እዚህ ላይ በአጭሩ ልናገር። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የአንድ ሚሊዮን ተኩል ሰዎችን የ15 ወራት የሞባይል እንቅስቃሴ መርምሮ፣ ቦታና ሰዓት ያላቸው አራት ነጥቦች ብቻ 95 በመቶውን ሰው ከሌላው ለመለየት እንደሚበቁ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ «ስሙን አውጥተነዋል» የሚለው መከላከያ ብዙም አያሳምነኝም።

የጤና ባለሙያ ወዳጆቼ ሁልጊዜ የሚያነሱብኝ ሙግት አለ፤ ትክክልም ነው። ሐኪሙ ጆን ስኖው በ1854 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በኮሌራ የሞቱትን ሰዎች ቤት ለቤት ካርታ ላይ ባያሰፍር ኖሮ፣ በሽታው ከብሮድ ጎዳናው የውኃ ፓምፕ ጋር መያያዙን እንዲያ አጉልቶ ባላሳየ ነበር። ወረርሽኝ ሲነሳ ጤና ኬላው ቤቱን ማወቅ አለበት፤ አምስት ኪሎ ሜትር የተገፋ ነጥብ ይዞ በሽተኛ የሚፈልግ የለም። መልሴ ሁለት ፋይል ይኑር የሚል ነው፤ ትክክለኛው ሥራውን በሚሠሩት ጥቂት እጆች ይቆይ፣ ለስብሰባ፣ ለሪፖርትና ለተመራማሪ የሚወጣው የተሸፈነው ይሁን። ችግሩ በተግባር ያለው ፋይል አንድ መሆኑና እርሱም በፍላሽና በቴሌግራም ግሩፕ መዞሩ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልለው ነበር። ያኔ ለእህልና ለብርድ ልብስ እደላ የመጠለያ ዝርዝር ከነቦታው ያስፈልግ ነበር፤ አስፈላጊነቱን የሚጠራጠር አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን፣ ማን የት ተጠልሎ እንደነበር የሚናገር ዝርዝር በማን እጅ ይገኝ ይሆን ብሎ መጨነቅ የምሁር ቅንጦት አልነበረም።

ሕግም አለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ከወጣ ወዲህ የሰውን መረጃ መሰብሰብና ማካፈል ሕጋዊ ኃላፊነትን የሚያስከትል ሥራ ሆኗል። አዋጁን ደጋግሜ ከማንበብ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በር ላይ ቆመን የምንለው ነገር ነው። ታብሌቱ ግልጽ ሰማይ ስለሚፈልግ ሰብሳቢው ግቢው መሐል ቆሞ የስሕተቱ ቁጥር ከአሥር ሜትር በታች እስኪወርድ ይጠብቃል። አንዲት እናት ይህን አይተው፣ «ምን እያየህ ነው ልጄ?» ብለው ሲጠይቁ፣ ወጣቱ «ምንም አይደል እማማ፣ ኔትወርክ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ለማታለል አልነበረም፤ እንዴት እንደሚያስረዳ የነገረው ሰው አልነበረም። ለጥያቄዎቹ ፈቃድ ተጠይቋል፤ ለነጥቧ ግን አልተጠየቀም።

አሁን አብረውኝ ለሚሠሩት የምሰጠው ዓረፍተ ነገር እንዲህ የሚል ነው፦ «የቤትዎን ቦታ በዚህ ታብሌት መመዝገብ እፈልጋለሁ፤ ቤትዎን መልሶ ለማግኘት የሚያስችል ነው፤ ካልፈለጉ የጎጡን ስም ብቻ እጽፋለሁ።» አንዳንዶች ይስቃሉ፣ «ቤቴን የማያውቅ ማን አለና?» ይላሉ። አንዳንዶች እንቢ ይላሉ፤ ምክንያት አንጠይቃቸውም፣ የጎጡ ስም ይጻፍና ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንሄዳለን።