ሰዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ዝናብ ባጃጅ ተሻምታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። አጭር ልቦለድ ስለመጻፍ ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ብዙውን የማወራው ግን ስለማንበብ ነው።

የመጀመሪያ ታሪኬን የጻፍኩት እዚሁ ሐዋሳ ነው። ዓሣ አጥማጅ አባትና ልጁ ይጣላሉ። ጸቡ የሚጀምረው አራተኛው ገጽ ላይ ነው። ሦስቱን ገጽ የያዘው ሐይቁ ነበር። ፀሐይ ትወጣለች፣ ውሃው ያብረቀርቃል፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ላይ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። አንድ ጓደኛዬ አነበበና "አባ ኮዳዎቹ አሪፍ ናቸው። ሰዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?" አለኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።

ትምህርት ቤት "መቼት" የሚል ቃል ተምረናል። "መቼ" እና "የት" ተጋብተው የወለዱት ቃል ነው። እኔ "የት"ን ይዤ "መቼ"ን ጥዬዋለሁ። አባትና ልጁ ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው ኖረው፣ ለምን የዚያን ቀን ተጣሉ? ይህን ስመልስ ሦስቱ ገጾች ተቀደዱ። ታሪኩ ልጁ የአባቱን መረብ ሸጦ ሲመለስ ጀመረ።

ይህን ዓይነት ነገር በሰው ታሪክ ላይ ማየት ይቀላል። ስለዚህ አንድን ታሪክ ሁለት ጊዜ አንብቡ። መጀመሪያ ሻይ እየጠጣችሁ፣ ከዚያ እርሳስ ይዛችሁ። "የታሪኩ ጭብጥ ፍቅር ነው" ብለን ፈተና ላይ ማርክ አግኝተናል። እሱ ግን ስም ማውጣት ነው። ትንታኔ የሚጀምረው "የቱ ቃል ላይ ደነገጥኩ?" ስትሉ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው ሂስ፣ አጭር ታሪክ በአንድ መቀመጫ ተነብቦ አንድ ስሜት ማሳደር አለበት ይላል። በዚህች ጠባብ ቦታ አንድ ቃል ብዙ ይሸከማል።

በአማርኛ ደግሞ የቃል ጭራም ይሸከማል። አባትየው "መረቤስ?" ይላል። ልጁ "ሸጥኩት። ምን ታደርግበታለህ?" ይመልሳል። "ምን ያደርጉበታል?" አላለም። እንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው አንድ "ዩ" ነው ያለው፤ እዚህ ላይ ምን እንደሚያደርግ እንጃ። እኛ ግን ግሱን መጨረሻ ላይ ስለምናስቀምጥ፣ ጥፊው የሚያርፈው በመጨረሻዋ "ህ" ላይ ነው። በረቂቄ ከሥሩ "ልጁ አባቱን መናቅ ጀመረ" የሚል ነበረበት። ሰረዝኩት።

ዛሬ ብዙዎቻችን አባታችንን "አንተ" እንላለን። ስለዚህ ያቺ "ህ" ብቻዋን ማንንም አታስደነግጥም። ልጁ ቀደም ብሎ፣ ለማይረባ ነገር፣ ለምሳሌ ምሳ ሲያቀርብ፣ "ይብሉ እንጂ" ብሎ መሰማት አለበት። እኔ ያንን ረስቼ ነበር፤ ተመልሼ ምሳውን ጨመርኩ። ታሪክ ስትመረምሩም እንደዚሁ ነው። የደነገጣችሁበትን ቃል አስምሩ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሂዱ። ጸሐፊው ምሳውን የት ነው የደበቀው?

ወንበራችሁ ላይ አንድ ገጽ ታሪክ አለ። የጸሐፊውን ስም ቆርጬ አውጥቻለሁ፤ ስም እያየን እንዳናጨበጭብ። አንብባችሁ ጨርሱና አንድ ቃል ብቻ አስምሩ። እርሳስ የሌለው እጁን ያውጣ።