የጳጉሜን ማጭድ

(ምስል፦ ባሕር ዳር፣ የጳጉሜን ጠዋት። ዝናቡ ገና አባርቷል። ጉልበት የደረሰ ሣር ያለበት ግቢ። ከጎረቤት የማጨጃ ማሽን ድምፅ ይሰማል።)

ይቺን ድምፅ የባሕር ዳር ሰው ያውቃታል። እንቁጣጣሽ ሊገባ ሦስት አራት ቀን ሲቀረው ሰፈሩ ሁሉ ግቢውን ያጸዳል። ማሽን ያለው በማሽን፣ የሌለው ማጭድ የያዘ ልጅ ጠርቶ፣ ክረምቱን ሙሉ የበቀለውን ሣር ድምጥማጡን ያጠፋዋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግቢው ካልተላጨ በዓል የመጣ አይመስለኝም።

ካቻምና እናቴ ለበዓል ከዳንግላ መጣች። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጥግ ላይ የተከመረውን ሣር አየችና ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ አነሣች። አደይ ነው፤ እምቡጡ ሊፈነዳ የደረሰ አደይ።

«አይ አንት ልጅ!» አለችኝ፤ «አንድ ሳምንት ብትታገሠው ምን ነበረበት? ንቧስ ምን ትቅሰም?»

ሳሎን ገባን። ጠረጴዛው ላይ በማለዳ ከመንገድ የገዛሁት አደይ በብርጭቆ ቆሟል።

(ምስል፦ ብርጭቆው። ከዚያ የሣሩ ክምር።)

እንግዲህ የዛሬው ነገራችን ይኸው ነው፤ የግቢን ሣር ቶሎ ቶሎ አለማጨድ፣ በተለይም መቼ አለማጨድ።

ሣርን እንደ ምንጣፍ እኩል አድርጎ መቁረጥ ከእኛ የመጣ ልማድ አይደለም። ማሽኑን የሠራው ኤድዊን በዲንግ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ መብቱን ያስመዘገበው በፈረንጆቹ 1830 ነው። ሐሳቡን ያገኘው ከጨርቅ ፋብሪካ ነበር። እዚያ የሱፍ ጨርቅ ሲያልቅ ላዩ ላይ የቆመውን ጭገር የሚላጭ ማሽን አይቶ፣ «ይሄ ሣርስ ለምን አይላጭም?» ብሎ ተነሣ። ሣሩ ጨርቅ የመሰለው ለካ ያኔ ነው።

ዛሬ እዚያው አገር ሰዎች ማሽኑን አቁሙት እየተባሉ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ከ1930ዎቹ ወዲህ አበባ የሞላበትን የሣር መስካቸውን 97 በመቶ አጥተዋል። ስለዚህ ፕላንትላይፍ የሚባል የዕፀዋት ተቆርቋሪ ድርጅት በፈረንጆቹ 2019 ሰዉ ሜይ የሚሉትን ወር ሙሉ ግቢውን ሳያጭድ እንዲከርም ዘመቻ ጀመረ። ሜይ ለእነሱ አበባ የሚወጣበት ጸደይ ነው። እኛ ወሩን እንዳለ ብንቀዳው ግንቦት ላይ ማጨድ ልናቆም ነው። ግንቦት ላይ ጎጃም ውስጥ ውኃ ካላጠጡት በቀር ምን የሚታጨድ ሣር አለና!

የእኛ ሜይ መስከረም ነው። ዘመቻውም አዲስ አይደለም፤ ስሙ ክልክል ይባላል።

(ምስል፦ በአጥር የተከለለ የገጠር የሣር መሬት፣ ሣሩ በነፋስ ሲተኛ።)

ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ክረምቱ ሲገባ ገበሬው አንዱን የሣር መሬት ይከለክላል። ከብት አይገባበትም፣ ማጭድም አይነካውም። ሣሩ ያድጋል፣ ያብባል፣ ዘሩ ይበስላል፤ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር ላይ ይታጨድና ይከመራል። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ለበጋ መኖ ብሎ እንጂ ለቢራቢሮ ብሎ አይደለም። ቢራቢሮዋ ግን ምክንያቱን አትጠይቅም።

አሁን ሣሩ ውስጥ እንግባ።

(ምስል፦ ካሜራው ወደ መሬት ይወርዳል። ዝግ ያለ እንቅስቃሴ።)

ከሥር መሬቱን ይዞ የሚሄደው ሰርዶ ነው። በመሐሉ ሦስት ሦስት ቅጠል ያላት፣ ወይን ጠጅ ወይም ነጭ አበባ የምታወጣው ማገጥ ናት። ማገጥ ሥሯ ላይ ካሉ ባክቴሪያዎች ጋር ሆና ከአየር ናይትሮጅን ስለምትይዝ ጎረቤቷን ሣር ታፋፋለች። ማዳበሪያ እየገዛን ማገጥን «አረም» ብለን የምንነቅል ሰዎች አለን፤ እኔ አንዱ ነበርኩ። ከፍ ብሎ ሜጭ አለ፤ የኑግ የሥጋ ዘመድ ነው፣ አበባውም ቢጫ ነው። ከዚያ አደይ።

አደይ በየዓመቱ ከዘሩ የሚበቅል ነው። ጳጉሜን ላይ ሲታጨድ የሚጠፋው የዘንድሮው አበባ ብቻ አይደለም፤ ዘር ሳይጥል ስለሞተ የከርሞውም ነው። አምስት ስድስት ዓመት በተከታታይ ለበዓል የተላጨ ግቢ ውስጥ አደይ የማይታየው ለዚህ ነው። የእናቴ ቁጣ እውነት ነበረው፤ ንቡ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠውን ማር የሚያዘጋጀው በዚችው በመስከረም አበባ ነው። ቀፎ ከቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ይህን ለማወቅ ቪዲዮ አያስፈልገውም።

የቀፎዋን ንብ ሁሉም ያውቃል። ግን መሬት ውስጥ የምትኖረው ጣዝማስ? አትናደፍም፤ ማሯ ለመድኃኒት ይፈለጋል፤ እሷም ከዚሁ አበባ ነው የምትቀስመው። ከእሷ ሌላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ አፈር ቆፍረው እንቁላላቸውን የሚጥሉ ብዙ ዓይነት ንቦች አሉ። ቢራቢሮም አበባ ብቻ አይበቃትም። አንዳንዶቹ ቢራቢሮዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ሣር ላይ ነው፤ አባጨጓሬዋ የምትበላው ያንኑ ቅጠል ነው። በየሳምንቱ ስናጭድ ገና ያልተፈለፈለችውን ቢራቢሮ አብረን እናጭዳለን።

ወፎቹ ደግሞ ዘሩን ይጠብቃሉ። ባሕር ዳር ግቢ ውስጥ የምትመላለስ ትንሽዬ ሰማያዊ ወፍ አለች፤ ወንዱ ጉንጩ ላይ ቀይ ነጥብ አለው። ምግቧ ጥቃቅን የሣር ዘር ነው፤ ጎጆዋንም የምትሠራው በሣር ነው። እኔ ግቢ የመጣችው ሣሩን ከተውኩት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጎረቤት ግቢ ነበር የማያት፤ ቀናሁ ልበል?

ታዲያ ጨርሶ አለማጨድ ይሻላል? አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ተመራማሪዎች 16 ግቢዎችን በየሳምንቱ፣ በየሁለት ሳምንቱና በየሦስት ሳምንቱ እያጨዱ ንቦቹን ቆጠሩ። በየሦስት ሳምንቱ የታጨደው እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ አበባ ነበረው። ንቡ በብዛት የተገኘው ግን በየሁለት ሳምንቱ በታጨደው ላይ ነው። ምናልባት ሣሩ ረዝሞ አበባውን ስለሚጋርድ ይሆናል። እዚያ ያለው ሣርና ንብ የእኛ ስላልሆነ ቁጥሩን እንዳለ አልወስደውም። እኔ የወሰድኩት፣ ትንሽ ማዘግየት እንኳ ለውጥ እንዳለው ነው።

(ምስል፦ የግቢ ንድፍ በእጅ ሲሣል።)

እኔ እንዲህ አደረግኩ። ከበሩ እስከ ቤቱ ያለውን መንገድና ቤቱን ዙሪያውን ሦስት ሜትር ያህል አጭር አድርጌ አጭዳለሁ። ልጆች የሚጫወቱበትን በየሁለት ሳምንቱ፣ ምላጩን አራት ጣት ያህል ከመሬት አንሥቼ። ከርዝመቱ ከሢሶ በላይ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፤ ያለዚያ ሥሩ ይደክምና በበጋ ውኃ ያስጮኸናል። የጀርባው ጥግ ደግሞ ክልክል ነው። ከሰኔ ጀምሮ አይነካም። ኅዳር ላይ ዘሩ ሲረግፍ ይታጨዳል፤ ሲታጨድም ከመሐል ወደ ዳር ነው፣ እንቁራሪቱም እስስቱም መሸሻ እንዲያገኙ። ከዳር ወደ መሐል ከሆነ ሁሉንም መሐል ላይ ሰብስቦ መፍጀት ነው።

ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ከ2,400 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ብርዱ ሣሩን ስለሚያዘገየው ከእኔ ይልቅ ትንሽ ጠብቁ። ቀኑን ከመቁጠር ዘሩን በእጅ ማሸት ይሻላል፤ ከረገፈ ደርሷል።

«እባብስ?» የሁሉም ሰው ጥያቄ ይኸው ነው፣ ትክክልም ነው። ለዚህ ነው ቤቱን ዙሪያ አጭር ያደረግነው። ልጆችም ክልክሉ ውስጥ በባዶ እግራቸው አይገቡም። እባቡ የሚመጣው አይጥ ፍለጋ ነው፤ ግቢ ውስጥ የተከመረ እንጨትና የተደፋ ምግብ ካለ ሣሩን መላጨት ብቻውን አያስቀረውም። የወባ ትንኝ ደግሞ የምትራባው ውኃ ላይ ነው። ከሣሩ በፊት አሮጌውን ጎማና ያቆረውን ባልዲ ድፉ።

ሁሉም የበቀለ ነገር ይተዋል ማለትም አይደለም። ቅንጬ አረም ከታየ ሳያብብ ጓንት አድርጎ መንቀል ነው፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ለመተንፈስም ያስቸግራል። አስተናግርም ልጅ ባለበት ግቢ አይቆይም፤ መርዝ ነው።

ከእባቡ ይልቅ ያስቸገረኝ ሰው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጎረቤታችን እትዬ በአጥር ብቅ ብለው «ምነው፣ ሰው የለም እንዴ ቤቱ?» አሉኝ። የክልክሉን ዳር በማጭድ ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩት፤ በመሐሉም ቀጭን መንገድ አወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም አላለኝም። ዳሩ የተስተካከለ ሣር ሆን ተብሎ የተተወ መሆኑ ያስታውቃል።

(ምስል፦ ኅዳር። የደረቀ ሣር፣ ማጭድ፣ ሁለት ሸክም።)

አምና ኅዳር ላይ ስናጭደው ሁለት ሸክም ሣር ወጣው። እትዬ ለላማቸው ወሰዱት። በማግሥቱ አንድ ጆግ እርጎ ይዘው መጡና፣ ከበሩ ሳይገቡ፣ «ለከርሞም ያንን ጥግ እንዳትነካው» አሉኝ።