«አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ»፦ የጌም ስምና የትልልቅ ኩባንያ ጠበቆች

እንደምን አመሻችሁ! ጌም የምትሠሩም፣ ጓደኛችሁን አጅባችሁ የመጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ጌም ስም ነው። ስም ማውጣቱን ታውቁበታላችሁ። እኔ የማወራው ያወጣችሁትን ስም ስለሚነጥቋችሁ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከ2011 ልጀምር። ማይንክራፍትን የሠራው የስዊድኑ ሞጃንግ «ስክሮልስ» የተባለ የካርድ ጌም ለማውጣት ሽር ጉድ ይል ነበር። በመሃል ከአሜሪካው ቤተስዳ ጠበቆች ደብዳቤ መጣ። ቤተስዳ «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» የሚባሉት ዝነኛ ጌሞች ባለቤት ነው። ስማችሁ ከእኛ ጋር ይምታታል አለ። እስቲ ተጫዋቾች ንገሩኝ፣ «ሌሊቱን ኤልደር ስክሮልስ ስጫወት አደርኩ» የሚል ማን አለ? ከእነዚሁ ጌሞች የአንዱን ስም ጠርታችሁ «ስካይሪም ስጫወት» ነው የምትሉት።

የሞጃንግ መሥራች ማርከስ ፐርሰን ምን ቢል ጥሩ ነው? ጉዳዩን ኩዌክ 3 በሚባለው የተኩስ ጌም እንጨርሰው! ሦስት ሰው ከእናንተ፣ ሦስት ሰው ከእኛ። ከተሸነፍን ስሙን እንቀይራለን፤ ካሸነፍን ክሱን ትተዉታላችሁ። ልብ በሉ፣ ኩዌክ ራሱ የቤተስዳ እናት ኩባንያ የዜኒማክስ ንብረት ነው። በባላጋራ ሜዳ፣ በባላጋራ ኳስ እንጫወት ማለት ነበር።

ቤተስዳ ግን ፍርድ ቤቱን መረጠ። ጊዜያዊ እግድ ቢጠይቅም የስዊድን ፍርድ ቤት አልሰጠውም። በማርች 2012 ታረቁ። ሞጃንግ ስሙን ለዚያ ጌም ብቻ ይዞ ቀረ። የንግድ ምልክቱን፣ ማለትም የስሙን ሕጋዊ ባለቤትነት፣ ለዜኒማክስ አስረከበ። በዚያ ስም ኤልደር ስክሮልስን የሚቀናቀን ጌም ላይሠራም ቃል ገባ። በእግድ ጥያቄው ያሸነፈው ወገን ነው እንግዲህ ምልክቱን ያስረከበው።

ሞጃንግ ለመቀለድ የበቃው ከጀርባው የማይንክራፍት ገንዘብ ስለነበረ ነው። ሌላው አይችልም። ሦስት ሆነው «ፕሬይ ፎር ዘ ጎድስ» የሚባል ጌም ይሠሩ የነበሩ ልጆች ነበሩ። ዜኒማክስ «ፕሬይ» የሚል ምልክት ስላለው ተቃወማቸው። በ2017 ከስሙ አንድ ፊደል ቀይረው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። መሟገት እንችል ነበር፣ ግን ጊዜ ይፈጃል አሉ። እኔ ፈሪ አልላቸውም። ጌሙን ጨርሰው አውጥተዋል።

አሁን ወደ ካንዲ ክራሽ ሠሪው ኪንግ እንሂድ። ካንዲ ክራሽን የማያውቅ አለ? ታክሲ ውስጥ ስንቱ ከረሜላ ሲደረድር ነው የሚውለው! ይህ ኩባንያ «ካንዲ» የሚለውን ቃል በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ አለ። ይህም አልበቃው። በቴክሳስ ኦስቲን ሦስት ሰዎች የመሠረቱት ስቶይክ የተባለ ስቱዲዮ «ዘ ባነር ሳጋ» የሚል ስም ለማስመዝገብ ሲያመለክት ተቃወመው። የካንዲ ክራሽ ሙሉ ስም «ካንዲ ክራሽ ሳጋ» ስለሆነ «ሳጋ»ም የእኔ ናት ነው ነገሩ። ባነር ሳጋ እኮ በበረዶ ላይ ስለሚሰደዱ ጦረኞች የሚተርክ ጌም ነው። ከከረሜላ ጋር የሚያምታታው ማን ነው?

ኪንግ የሰጠው መልስ ነው የዛሬ ንግግሬ ዋና ጉዳይ። ባነር ሳጋን ስሙን ልንነጥቀው አልፈለግንም፤ ካልተቃወምን ግን ነገ እውነተኛ አስመሳዮችን ማስቆም ይከብደናል አለ። «ሕጉ አስገድዶን ነው» እንደማለት። የአገራችን ሰው ይህን ሲሰማ የሚለው አለ፦ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ»።

ደግነቱ ምክንያቱ ግማሽ እውነት አለው። ምልክቱን ማንም እንዳሻው ሲጠቀምበት ዝም ብሎ የሚያይ ባለቤት፣ ምልክቱ ይዳከምበታል። ግን ሕጉ የሚመሳሰል ቃል ያለበትን ሁሉ አሳድዱ አይልም። መመዘኛው ሸማቹ ይምታታበታል ወይ ነው። ደግሞም ፈቃድ መስጠት አለ፣ ተስማምቶ ጎን ለጎን መኖር አለ። ኪንግ ራሱ በፌብሩዋሪ 2014 የአሜሪካውን የ«ካንዲ» ማመልከቻ ሳበ። በኤፕሪል ከስቶይክ ጋር ታረቀ። ሰማይ አልተደፋም።

ኪንግን ሳነሳ አንዱ አይረሳኝም። «ካንዲስዋይፕ» የተባለ ጌም በ2010፣ ከካንዲ ክራሽ በፊት የወጣ ነው። ሠሪው በሟች እናቱ መታሰቢያነት እንደሠራው ጽፏል። ኪንግ ምን አደረገ? «ካንዲ ክራሸር» የሚባል የቆየ ምልክት ገዛና በዚያ የልጁን ምዝገባ ለማሰረዝ ሞከረ። በሕግ የተፈቀደ ነው። እኔን ግን ያስጠላኛል። እነሱም በኋላ ታረቁ።

ዛሬ ሞጃንግም፣ ቤተስዳም፣ ኪንግም የማይክሮሶፍት ናቸው። ማይክሮሶፍትስ? የእንግሊዙ ስካይ ቴሌቪዥን ተሟግቶት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫውን ስም በ2014 ከ«ስካይድራይቭ» ወደ «ዋንድራይቭ» ቀይሯል። ከዚሁ ስካይ ጋር የ«ኖ ማንስ ስካይ» ጌም ሠሪዎች ሦስት ዓመት ተጨቃጭቀው ስሙን ያስከበሩት በ2016 ነው። ለአንዲት «ሰማይ» ሦስት ዓመት!

እኛም ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞን፣ ሐረርንና ይርጋጨፌን በአሜሪካ ላስመዝግብ ስትል የአሜሪካ ቡና ማኅበር የሐረርንና የሲዳሞን ማመልከቻ ተቃውሞ ነበር። ከቡና ሻጩ ስታርባክስ ጋር የተፈረመው ስምምነት የመጣው በ2007 ነው።

ታዲያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ስሙን ፖስተር ላይ ከማተማችሁ በፊት ፈልጉት። የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት የምልክት መፈለጊያ ነጻ ነው። ምድብ 9ን እና ምድብ 41ን እዩ፤ አንደኛው ሶፍትዌርን፣ ሌላው መዝናኛን ይይዛል። በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) እዚህ አገር ብታስመዘግቡ የሚጠብቃችሁ እዚሁ ነው። ጌማችሁ ግን ጌም በሚሸጥበት የኢንተርኔት ስቶር ላይ በወጣ ማግስት አሜሪካም ጀርመንም ይወርዳል።

ደብዳቤ ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ምንነቱን ለዩ። የምዝገባ ተቃውሞ ነው ወይስ የጥሰት ክስ? በአሜሪካ ማመልከቻችሁ ለሕዝብ ከወጣ በኋላ ለ30 ቀን መቃወሚያ ጊዜ አለ። እዚያ ብትሸነፉ የምታጡት ምዝገባውን ነው፤ በስሙ መጠቀም ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው። ይህን ሳያውቁ በድንጋጤ ጌማቸውን ከስቶር የሚያነሱ አሉ። ለስቶሩ የሚቀርብ አቤቱታ ግን ፍርድ ቤት አይጠብቅም፤ በኢሜይል ብቻ ጌማችሁን ከስቶሩ ሊያስነሳ ይችላልና መልሱን አታሳድሩ።

እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ እጁ ላይ ያለ ካለ ከሻይ በኋላ ይዞልኝ ይምጣ፤ አብረን እናነበዋለን። አመሰግናለሁ።