ኖራ ደፍቼ ኖራ ገዛሁ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም። ስለ ውሃ ላወራችሁ ነው፣ ቤቴ ስላለው የጃኩዚ ውሃ። አዎ፣ የጥጋብ ወሬ እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ስሙኝ።

ጃኩዚው በገባ በሰባተኛው ወር ማሞቅ አቆመ። ጥፋተኛውን ለማግኘት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ የሸጠልኝ ሰው ነው! እቃው ቀሽም ነው ብዬ ደመደምኩ። ውሃውንማ ማን ይጠረጥራል? እንደ መስታወት የጠራ ነበር። ክሎሪኑን እለካለሁ፣ የአሲድነቱን መለኪያ፣ ፒኤቹንም፣ እለካለሁ። ኩራቴን ብታዩት!

ሊጠግኑ የመጡት ባለሙያ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ማሞቂያውን ፈትተው አወጡና ምንም ሳይናገሩ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ብረቱ አይታይም። የእንቁላል ቅርፊት የሚመስል ነጭ ነገር ሸፍኖታል።

«ልጄ፣ የውሃሽን ጠንካራነት ለክተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ውሃ ደግሞ ምን ጠንካራ አለው?»

ሳቁብኝ። ይገባኛል።

ጠንካራ ውሃ የሚባለው ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ከዚያ ነው የሚመጣው። ስኳር ውሃው በሞቀ ቁጥር ይበልጥ ይሟሟል አይደል? ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ያ እኔ ኖራ የምለው ነጭ ነገር፣ ተቃራኒ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ሟሙቶ መቆየት ያቅተዋል። ታዲያ የት ሄዶ ይለጠፋል? ከሁሉ በላይ የሚግለው ቦታ ላይ፣ ማሞቂያው ላይ። በዚያ ላይ የጃኩዚው አየር ውሃውን ሲያንፈቀፍቀው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ ቅርፊቱም ይፈጥናል። ውሃው ሲተን ደግሞ ካልሲየሙ አብሮ አይተንም። እኔ የጎደለውን ከቧንቧ እሞላለሁ። በየሳምንቱ ኖራ ስጨምርበት ነበር ማለት ነው።

በጠብታ የሚሠራውን የጠንካራነት መመርመሪያ ገዛሁ። ውሃ ውስጥ ነክረው የሚለኩበት ወረቀትም አለ፤ ለግምት ደህና ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ደምሮ ነው የሚያሳየው። ክንዴን እስከ ክርኔ አስገብቼ ከውስጥ ውሃ ቀዳሁ። ማቅለሚያው ሲገባበት ቀላ። ከዚያ ጠብታ መቁጠር ነው፣ ሰማያዊ እስኪሆን። በእኔ መመርመሪያ አንድ ጠብታ 10 ሚሊግራም በሊትር ነው። 10፣ 20፣ 30 ጠብታ... አሁንም ቀይ። 38ኛዋ ላይ ሰማያዊ ሆነ። 380! ለእንደኔ ዓይነቱ የአክሪሊክ ገንዳ የሚመከረው ከ150 እስከ 250 ነው።

ካልሲየሙን የሚያጠፋ ዱቄት ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ሟሙቶ እንዲቆይ የሚይዘው ፈሳሽ አለ፤ ከውሃው ግን አያስወጣውም። መፍትሔው ውሃውን ደፍቶ በለስላሳ፣ ማለትም ካልሲየምና ማግኒዚየም ባነሰበት ውሃ መሙላት ነው። እኔ ደግሞ ሰው ነኝ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ። 1200 ሊትሩን በሙሉ ደፋሁት። በማለስለሻ መሣሪያ ባለፈ ውሃ ሞላሁት። መሣሪያው ካልሲየሙን ይዞ በምትኩ ሶዲየም ይሰጣል። ለካሁ፤ ገና የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትገባ ሰማያዊ ሆነ። ደስታዬን አልነግራችሁም።

ደስታው እስከ ቅዳሜ ነው የቆየው። አየሩን ስከፍት አረፋው በክዳኑ በኩል ገንፍሎ ወጣ። በለስላሳ ውሃ ሳሙና እንዴት እንደሚያረፋ ታውቁታላችሁ። በዋና ልብሳችን የገባችው የሳሙና ርዝራዥ በቂ ነበረች። ፒኤቹም ቢወርድ ኖሮ ውሃው የማሞቂያውን ብረት መብላት ይጀምር ነበር።

ስለዚህ ካልሲየም ክሎራይድ ገዛሁ። ለ1000 ሊትር በ10 ከፍ ለማድረግ ንጹሁ 11 ግራም ገደማ ይፈልጋል። እኔ ከ10 ተነስቼ 180 ላይ ልደርስ ነው፤ ለ1200 ሊትሩ ወደ 226 ግራም ሆነ። የታሸገው ብዙ ጊዜ ውስጡ ውሃ ስላለበት ትንሽ ይጨመራል፤ እሽጉን አንብቡ። መጀመሪያ ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘውን አልካሊኒቲ ከ80 እስከ 120፣ ፒኤቹን ደግሞ 7.5 አካባቢ አደረግኩ። ከዚያ ዱቄቱን በባልዲ ውሃ ውስጥ በጥብጬ በየተራ ጨመርኩት። ሁልጊዜ ዱቄቱን ወደ ውሃው፣ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አይደለም። ሲሟሟ ይሞቃል፤ ባልዲው እጄ ላይ ሲግል ደነገጥኩ።

እዚያው ባልዲውን እያማሰልኩ ነው የበራልኝ። 380 ያለውን ውሃ በሙሉ ደፍቼ፣ ካልሲየሙን አሁን በገንዘቤ ገዝቼ እየመለስኩት ነው! ግማሹን ብቻ ደፍቼ በማለስለሻው ውሃ ብሞላው ኖሮ 195 ገደማ ላይ ይገኝ ነበር። የክፍልፋይ ትምህርት ነው እኮ። ለባለሙያው ደውዬ ብነግራቸው እንደገና ሳቁብኝ።

ከሦስት ወር በኋላ ውሃ ስቀይር ከቧንቧውና ከማለስለሻው ግማሽ በግማሽ ሞላሁ። አንድ ሌሊት አስዙሬው ትናንት ማታ ለካሁ። 17፣ 18... 19ኛዋ ላይ ወይን ጠጅ መሰለኝ። በባትሪ አየሁት። አሁንም ወይን ጠጅ ነው። 20ኛዋን ጨመርኩ፤ ሰማያዊ። ደብተሬ ላይ «19 ወይም 20» ብዬ ጻፍኩና ገባሁበት።