ታኬሂኮ ኢኖዌ፦ ከሽንፈት ማግስት

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ታኬሂኮ ኢኖዌ ነው፤ «ስላም ደንክ» የሚባለውን የቅርጫት ኳስ ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ታሪክ፣ ስለሠራው ጃፓናዊ። ስሙ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሽያጩ ነው። እኔን ግን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው ሥራዬ ብሎ የሚስለው የተሸነፈ ሰው በማግስቱ ምን እንደሚያደርግ ነው።

ኢኖዌ በ1967 በደቡብ ጃፓን፣ ካጎሺማ ውስጥ ተወለደ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ቅርጫት ኳስ ይጫወት ነበር። ኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይጨርስ ወጣና ቶኪዮ ሄዶ ጹካሳ ሆጆ ለሚባል ታዋቂ የማንጋ ሰዓሊ ረዳት ሆነ። በ1988 በአንድ አጭር ሥራው ለአዳዲስ የማንጋ ሰዓሊዎች የሚሰጠውን የቴዙካን ሽልማት አገኘ። ቀጥሎ የሳለው የመጀመሪያ ተከታታይ ግን ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ። «ሾነን ጃምፕ» መጽሔት ላይ እንዲህ ነው፤ አንባቢ ከመጽሔቱ ጋር በሚመጣ ካርድ የወደደውን መርጦ ይልካል፣ ድምፅ ያጣ ሥራ ይቆረጣል። ምሕረት የለም።

እንግዲህ በ1990 የቅርጫት ኳስ ታሪክ ይዞ የመጣው እዚሁ መጽሔት ላይ ነው። ያኔ ጃፓን ውስጥ ንጉሡ ቤዝቦል ነበር፤ ቅርጫት ኳስ አንባቢ አይስብም ተብሎ ይታመን ነበር። እሱ ታዲያ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ስለ ጨዋታው ምንም የማያውቅ ልጅ አደረገው። ሃናሚቺ ሳኩራጊ ፀጉረ ቀይ ተደባዳቢ ነው፣ ሾሆኩ የሚባለውን የትምህርት ቤቱን ቡድን የተቀላቀለው ለአንዲት ልጅ ብሎ ነው። እሱ ኳስ ማንጠር ሲማር አንባቢውም አብሮት ይማራል።

አንድ ቦታ ላይ ልቁም። ሾሆኩ ካይናን ከሚባል ትምህርት ቤት ቡድን ጋር ይጫወታል። ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ቀርተዋል፣ ሳኩራጊ ዘሎ ኳሱን ከአየር ላይ ይለቅማል፣ ከዚያ ለራሱ ሰው መስሎት ለተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ያቀብለዋል። አለቀ። 90 ለ 88። ያ አፉ የማይዘጋ፣ ራሱን ሊቅ እያለ የሚጠራ ልጅ ሜዳ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ቀጥሎ ስናገኘው ፀጉሩን ተላጭቷል። ሌላ ደራሲ ቢሆን ወዲያው የሚቀጥለውን ድል ያመጣለት ነበር፤ ኢኖዌ ግን እፍረቱን አብሮት እንዲሸከመው ያደርገዋል። ቆይቶ ደግሞ ለሀገር አቀፉ ውድድር ሲዘጋጅ 20,000 ሹት እንዲወረውር ታዝዞ ሲደክም እናያለን። ልምምዱ ከጨዋታው እኩል ቦታ አለው፤ እኔ ለዚህ ነው የማምነው።

ሚትሱይ የሚባለውን ልጅ ደግሞ መዝለል አልችልም። ጎበዝ ተጫዋች ነበር፣ ጉልበቱ ተጎዳ፣ ተስፋ ቆርጦ ከጨዋታው ራቀ። በኋላ ዱርዬዎች አስከትሎ ቡድኑን ሊያፈርስ ይመጣል። ጂምናዚየሙ በደም በላብ ተበላሽቶ ሳለ የድሮ አሰልጣኙ በር ላይ ይታያል። ሚትሱይ ተንበርክኮ እያለቀሰ መጫወት እንደሚፈልግ ይናገራል። ያን ሁሉ ድብድብ ያመጣው ናፍቆት ነበር።

መጨረሻውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሻምፒዮኑን ሳንኖን ሲገጥሙ፣ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ንግግሩ በሙሉ ከገጹ ይጠፋል። የጫማ ድምፅ የለም፣ የተመልካች ጩኸት የለም፤ እጅ፣ ዓይን፣ ኳስ ብቻ። ሩካዋ፣ ያ በአንድ ቡድን እየተጫወቱ ከሳኩራጊ ጋር ዓይንና ናጫ የነበረው፣ ኳሱን ያቀብለዋል። ሳኩራጊ ወርውሮ ያገባል፤ 79 ለ 78። ከዚያ ሁለቱ የሚጠላሉ ልጆች እጅ ለእጅ ይማታሉ። እኔ ያን ገጽ ሳየው ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ዛሬም።

የሚገርመው ግን የሚከተለው ነው። በሚቀጥለው ጨዋታ ሾሆኩ ክፉኛ ተሸነፈ። ይህንን የነገረን በትረካ ነው፣ ባጭሩ፣ ጨዋታውን ሳያሳየን። ዋንጫ የለም። ሳኩራጊ ወገቡ ተጎድቶ ባሕር ዳር ተቀምጦ እያገገመ ነው የምንለየው። በ1996፣ በ31 ቅጽ፣ ሥራው ጫፍ ላይ እያለ አበቃ።

የ«ስላም ደንክ» ሽያጭ ጃፓን ውስጥ 100 ሚሊዮን ቅጂ ሲያልፍ፣ በ2004፣ ኢኖዌ በ6 ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ገዝቶ አንባቢዎቹን አመሰገነ። ከዚያ ካናጋዋ ውስጥ ወደ ተዘጋ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ 23 ጥቁር ሰሌዳዎች ላይ፣ በጠመኔ፣ ታሪኩ ካበቃ 10 ቀን በኋላ ልጆቹ ምን እያደረጉ እንደሆነ ሳለ። አስቡት እስኪ፣ ያ ሁሉ አንባቢ ሲጠብቀው የኖረውን ቀጣይ ታሪክ በጠመኔ! በ2006 ደግሞ በስሙ ሳይሆን በሥራው ስም የትምህርት ዕድል አቋቋመ፤ ጃፓናውያን ወጣት ተጫዋቾችን አሜሪካ ልኮ የሚያስተምር።

ከ1998 ጀምሮ «ቫጋቦንድ»ን ስሏል፣ ስለ ጎራዴ አዋቂው ሙሳሺ። እያደር ብዕሩን ትቶ በብሩሽ መሥራት ጀመረ፣ ሥዕሉም እጅግ አማረ። ከ2015 ወዲህ ግን ቆሟል፤ በራሱ ቦታ ብዙ የሚወራበት ሥራ ነው፣ ዛሬ አልገባበትም።

ለእኔ የልቡ ሥራ «ሪል» ነው። በ1999 ጀመረው፤ በዊልቼር ስለሚጫወት ቅርጫት ኳስ። ታካሃሺ የሚባል ልጅ አለ፣ የቡድን አምበል፣ ሰዎችን በደረጃ የሚከፋፍል፣ ራሱን ከላይ የሚያስቀምጥ። በመኪና ተገጭቶ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ኢኖዌ አያባብለውም። አልጋ ላይ መገልበጥ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቼር መሸጋገር፣ ክንድ ሲንቀጠቀጥ፣ ይህንን ሁሉ እንደ ሳንኖ ጨዋታ በትዕግሥት ይስለዋል። ልጁም ለብዙ ገጽ ክፉ ሆኖ ይቆያል፣ አባቱ ላይም እናቱ ላይም ይጮሃል። ሕመም ሰውን ወዲያው ደግ እንደማያደርግ የሚያውቅ ሰው ነው የሳለው።

በታኅሣሥ 2022 የወጣውን የ«ስላም ደንክ» ፊልም ራሱ ጽፎ ራሱ አዘጋጀው። ያንኑ የሳንኖን ጨዋታ ነው፤ ግን በዚህኛው መሃል ላይ ያለው ሳኩራጊ ሳይሆን ሪዮታ ሚያጊ ነው፣ ከአምስቱ ቋሚ ተሰላፊዎች አጭሩ፣ ማንጋው ላይ ስለ ቤተሰቡ ብዙም ያልተነገረለት። ኦኪናዋ ያደገ፣ ኳስ ያስተማረው ታላቅ ወንድሙን ባሕር የወሰደበት ልጅ። ከ26 ዓመት በኋላ ሰዓሊው ተመልሶ ችላ ያለውን ልጅ ቤት አንኳኳ።

ለመጀመር ያሰባችሁ ካላችሁ ከማንጋው ጀምሩ፣ ፊልሙ ይቆያችሁ። ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበበው፤ የመጀመሪያዎቹ ቅጾች ቀልድና ድብድብ ይበዛባቸዋል፣ ታገሱ። ሚትሱይ ጋ ስትደርሱ ጻፉልኝ።